የወዳጅነት ዓሣ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.
ጠዋት ደመና፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ። የተገኙ፦ ጓድ ወልደሚካኤል፣ እትዬ አስቴር፣ ዳሲቱና እኔ።

እንዲህ ብዬ የምጀምረው ጓድ ስላዘዙኝ ነው። ማንኛውም ጽሑፍ በቀኑ፣ በአየሩና በተገኙት ሰዎች ይጀመራል አሉ። ደብተሩን የሰጡኝ የዓሣውን ሁኔታ እንድጽፍበት ነው። የዓሣውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ እሰጣቸዋለሁ፤ ደብተሩ ለእኔ ይቅር። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ሁሉ በስኳር መጠቅለያ ጠርዝ ላይ ነበር። ማንበብም የተማርኩት ከዚያው ከመጠቅለያው ነው። ጋዜጣው እየተቀደደ ስለሚመጣ ብዙ ወሬ መጨረሻውን ሳላውቀው ቀርቷል።

ዓሣው ዛሬ መጣ። ጓድ በሚሠሩበት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲተክል የቆየው የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጓድ ትቶላቸው ሄደ። በክብ የብርጭቆ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከአውራ ጣቴ ብዙ አይበልጥም፤ ጭራው ግን ከአካሉ ይረዝማል፣ ውሃው ውስጥ እንደ ሐር ይዘናፈላል። ቀይ ነው። ጓድ ቀይ በመሆኑ ደስ ብሏቸዋል።

“የወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስጦታ ነው” አሉ። “ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ፋብሪካው አዳራሽ ኤግዚቢሽን ላይ ይቀርባል። እስከዚያ አንድ ነገር ቢሆን…” አልጨረሱትም።

ዳሲቱ ጎንበስ ብላ አየችውና “ሙሽራ ይመስላል” አለች።

ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሳቁ። “ሙሽራስ ሁለት ነው። ይሄ እንደኛዋ መሰለች ብቻውን ነው” አሉ በአገጫቸው እኔን እያመለከቱ።

ከእራት በኋላ ጓድ ሁለታችንን አቁመው ሌላም ነገር ነገሩን። መስከረም ላይ ፓርቲው ይመሠረታል፤ እሳቸውም ታጭተዋል። ሁለት የቤት ሠራተኛ ማኖር የፊውዳል ልማድ ስለሆነ ከበዓሉ በፊት አንዳችን እንሄዳለን። “በሥራችሁ ይለያል” አሉ እንጂ ማን እንደምትሄድ አልተናገሩም።

ዳሲቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቱሉ ዲምቱ በሚባል ገጠር አባት አላት፣ እርሻ አላት፣ የሚጠብቃት ቤት አላት። እዚህ ከገባች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። በወጥ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ይህን በፊቴ ይናገሩታል። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚህ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከጓሮው ክፍል ሌላ አንኳኩቼ የምገባበት በር የለም።

ዓርብ፣ ሰኔ 15
ዝናብ። የተገኙ፦ ሁላችንም።

ከዓሣው ጋር አንድ ወረቀት መጥቷል። ጀርመኑ የተናገረውን የፋብሪካው አስተርጓሚ በአማርኛ የጻፈው ነው። ጓድ ጊዜ የላቸውም፣ እትዬ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ፣ ዳሲቱ ፊደል አልቆጠረችም። ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ውሃው አንድ ቀን አድሮ ይሰጠው ይላል። የአርባ ሻማ አምፑል አጠገቡ ይብራለት፣ ብርድ አይወድም። ክዳኑ ሁልጊዜ ይከደን፤ ውሃው ሲቀዘቅዝበት ወይም ሲቆሽሽበት ዘሎ ይወጣል። ከሌላ ወንድ ጋር እስኪሞት ይዋጋል። መስታወት ካየ ራሱን ሌላ ወንድ አድርጎ ይቆጥራል፣ ተናድዶ የገዛ ጭራውን ይነክሳል።

የሚገርም ፍጥረት ነው። ወረቀቱን አጥፌ ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩት፤ እርጥበት እንዳያበላሸው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 19
ጠዋት ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ በረዶ ቀላቅሎ ዘነበ። ጓድ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

የእትዬን የፊት መስታወት የምወለውለው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ከመኝታ ቤት አውጥቼ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩትና ጨርቅ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ዓሣው ሌላ ፍጥረት ሆኖ ጠበቀኝ። ክንፎቹን ሁሉ ዘርግቷል፣ ከጉንጩ ሥር ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር አውጥቷል። መስታወቱ ውስጥ ያለውን እያየ ይሽከረከራል፣ ብርጭቆውን ይገጫል፣ ደግሞ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ቁጣ በዚያች ቁመት።

መስታወቱን አነሳሁት። ቶሎ ነው ያነሳሁት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

ጭራው ጫፉ ላይ ተሸንትሯል። ጓድ አይተው ደነገጡ። ወጥ ቤት ድረስ መጡ፤ በአሥራ አራት ዓመት ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ውሃና ቁንጥር ጨው እንደሚል ነገርኳቸው።

“አንቺ ባታነቢ ምን እንሆን ነበር?” አሉኝ። ከዚያ ወደ ሳሎን ዞረው “አስቴር፣ ሰማሽ? ታነባለች እኮ!” አሉ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 29
ካፊያ። የእትዬ ጓደኛ ለምሳ መጥታ ነበር።

የዓሣው ጭራ ገጥሟል። አዲሱ ክንፍ መጀመሪያ ሲበቅል ቀለም የለውም፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያሳያል። ከዳነ ወዲህ ጓድ ወጥ ቤት አልመጡም።

ሳህን ሳነሳ እትዬ ለጓደኛቸው ሲናገሩ ሰማሁ። “የዳሲቱን እጅ አየሽው? እሷን አልለቃትም። ያቺኛዋ እንደ ግድግዳ ናት፤ ብትኖርም ባትኖርም አታውቂባትም።” ጓደኛቸው “ግድግዳ እንኳ ልብስ ይሰቀልበታል” አለች። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳህኖቹን አንስቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ መስታወቱን ወለወልኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3
ቀኑን ሙሉ ዝናብ።

መስታወቱን ወልውዬ ዓሣው አጠገብ አቆምኩት፣ እንዲደርቅ። በክረምት ቶሎ አይደርቅም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 4
ዝናብ።

የጭራው እኩሌታ የለም። የታችኛው ክንፉም ተበጣጥሷል።

ዳሲቱ ፊቷን ብርጭቆው ላይ አስጠግታ “ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ሙሽራው?” ትለዋለች። ከዚያ ዝናብ እየመታት የጓሮው በርሜል ላይ አጎንብሳ በሻይ ማጥለያ የቢንቢ ትል ስታጠልልለት ዋለች። እሱን ነው የሚወደው። ነጠላዋ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ ገባች። “ድመቷ ናት፣ እታለም” አለችኝ። እታለም ነው የምትለኝ። የቤታችንን ድመት በገመድ አሰረቻት።

እትዬ ዓሣውን አይተው “ከጀርመን ሐር ለብሶ መጣ፣ እኛ ቤት ቡቱቶ ለበሰ” አሉ።

ጓድ አልሳቁም። “ድመት ውሃ አትነካም። ይሄ የሰው እጅ ነው። አሻጥር ነው።”

አሻጥር የሚለውን ቃል ጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰው ከጎኑ ቆሞ ሲናገረው ግን ድምፁ ሌላ ነው። ስለ መስታወቱ ለጓድ መንገር ነበረብኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

አልነገርኩም። እንግዳ ነበራቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16
ብርድ። የተገኙ፦ ሁላችንም።

ጓድ ሥራውን ከፋፈሉት። ውሃውና ክዳኑ የዳሲቱ፣ ምግቡና አምፑሉ የእኔ። “ኃላፊነት ሲለይ ጥፋትም ይለያል” አሉ። ዳሲቱ ራሷን ነቀነቀች፤ የገባት አይመስለኝም። ክዳኑን ለመሥራት ከፋብሪካው የወንፊት ሽቦ አስመጡ።

ጓድ ዛሬም ወጥ ቤት መጥተው ነበር። ዓሣው እንዴት አደረ አሉኝ። ጓድ በይኝ ይሉኛል፤ አንቱ ካላልኳቸው ግን ፊታቸው ይጠቁራል። “ደህና ነው ጓድ፣ አይጨነቁ” አልኳቸው።

እትዬ ደግሞ ለበዓሉ እንግዶች ዶሮ የምትሠራው ዳሲቱ መሆኗን ለሱቋ ሴትዮ ሲነግሩ ሰምቻለሁ። በዓሉ መስከረም ሁለት ነው። መስከረም ሁለት የምትሠራ ሴት ከመስከረም በፊት አትሄድም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 26
ነፋስና ዝናብ። መብራት ጠፍቶ ነበር። የተገኙ፦ ጓድ፣ እትዬ፣ ዳሲቱ፣ እኔ።

ምሳ ላይ ዘለለ። ከሳሎን ጠብ የሚል ድምፅ ሰማን፣ እርጥብ ጨርቅ የወደቀ ይመስል ነበር። ዳሲቱ ሮጣ ገባች። ከጠረጴዛው ሥር ምንጣፉ ላይ ይንፈራፈራል፤ ጉድፍና የምንጣፍ ፀጉር ተለጥፎበት ቀይነቱ አይታወቅም። እጇን በጆጉ ውሃ ነክራ አነሳችው፣ እያባበለች ጎድጓዳው ውስጥ ጨመረችው። በጎኑ ተንሳፈፈ። ቆይቶ ቀና አለ። ከክንፎቹ የቀረው እንደ ተነጨ ላባ ነው።

“ክዳኑስ?” አሉ ጓድ።

ክዳኑ ከጎድጓዳው ጎን ተቀምጦ ነበር።

ማን እንዳነሳው አላውቅም። ጠዋት የቢንቢ ትል ስጨምርለት ነካ አድርጌው ነበር፤ መልሼዋለሁ መሰለኝ። መብራቱ አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር። አምፑሉን ማብራት ረሳሁ። ሥራ ሲበዛ ሰው ይረሳል። አንድ ቀን ያልረሳ ሰው ይውቀሰኝ።

ጓድ ምንም አልጠየቁኝም። ዳሲቱን ነው ያዩዋት። ክዳኑ የእሷ ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 6
ደመና። የተገኙ፦ ጓድ ወልደሚካኤል ሰብሳቢ፣ እትዬ አስቴር አባል፣ ዳሲቱ ሰቦቃ፣ እኔ ጸሐፊ።

ጓድ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ሂስና ግለሂስ አደረጉን። ፋብሪካው ውስጥ በየሳምንቱ እንደሚያደርጉት ነው። ዓሣው መካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። “ቃለ ጉባኤ ትይዣለሽ” ብለው መስመር ያለው ወረቀት ሰጡኝ። ሰው ሲናገር እየሰማሁ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደሎቼ አልተበላሹም።

ከመግባታችን በፊት ዳሲቱ ወጥ ቤት ውስጥ ክርኔን ያዘችኝ።

“እታለም፣ ምን ልበላቸው? እኔ እኮ ክዳኑን ከድኜ ነበር። እውነቴን ነው። ብቻ ሰው ሲቆጣ እኔ አይደለሁም ማለት ነገር ያበዛል። እኛ አገር ሽማግሌ ፊት አጠፋሁ ካልሽ ያልቃል። አጠፋሁ ያለ ሰው አይከሰስም፣ ሣር ይዘሽ ይቅር በሉኝ ትያለሽ፣ ከዚያ ትሳሳሚያለሽ። ጓድ ሽማግሌ አይደሉም?”

ዝም አልኩ። እኔ ዝም የምል ሰው ነኝ፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። እሷ ዝምታዬን እንደ አዎ ቆጠረችው።

ጓድ መነጽራቸውን አደረጉ። “ጓድ ዳሲቱ፣ ከወዳጅ አገር በተሰጠን ንብረት ላይ ሦስት ጊዜ ጉዳት ደርሷል። ግለሂስሽን አቅርቢ።”

ዳሲቱ ተነሳች። ከጓሮ የነቀለችው ሣር በእጇ ነበር። በሁለት እጇ ያዘችውና አንገቷን ደፋች። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ልጃችሁ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ። ነገሩ እዚህ ይለቅ።”

“ሦስቱንም ጊዜ?” አሉ ጓድ።

ዳሲቱ እኔን አየችኝ። ከዚያ “ሦስቱንም” አለች። ይቅርታው ሙሉ እንዲሆንላት ነው።

እትዬ “ሣሩን ምንጣፉ ላይ እንዳትጥዪው” አሉ።

“ጻፊ” አሉኝ ጓድ። ጻፍኩ፦ በሦስቱም ጊዜ ጥፋቱን የፈጸመችው እሷ መሆኗን በገዛ አንደበቷ አመነች። ይቅር በሉኝ ያለችውም ነበር፣ ግን ወረቀቱ አልቆ ነበር። ጓድ ሲያነቡት “ጥሩ ትጽፊያለሽ” አሉ። ዳሲቱ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ከዚያ ልትስማቸው ወደ ጓድ ተጠጋች፤ እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። ቃለ ጉባኤው በእጃቸው ነበር። ዳሲቱ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። “ታርቀናል እኮ” አለቻቸው። አንደኛው ሳቀ። “ከማን ጋር? ከዓሣው ጋር?”

እጇን ልትታጠብ ብላ ነበር፣ አላስታጠቧትም። ከበሩ ዞራ “እታለም፣ የሙሽራው ውሃ ዛሬ ይቀየራል” አለችኝ።

ሊጡን እኔ ጨረስኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 10

ቀበሌ ውስጥ ናት ይላሉ። ምንም አይሏትም። አጣርተው ይለቋታል። የሰው ሕይወት አይደለም፣ ዓሣ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16
ፍልሰታ ተፈታ። ጠዋት ፀሐይ። የተገኙ፦ ጓድ፣ እትዬ፣ እኔ።

የዓሣው ጭራ እየበቀለ ነው። ጠርዙ ነጭ ሆኖ በየቀኑ በአንድ ክር ያህል ይረዝማል። መስታወቱን አሁን መኝታ ቤት ውስጥ ነው የምወለውለው፤ ሳሎን ድረስ ማመላለሱ አያስፈልግም።

እትዬ ጎድጓዳውን ሲያዩ ቆይተው “አየህ?” አሉ ለጓድ። “እሷ ከሄደች ወዲህ አንድ ጭረት የለበትም። እኔ እንኳ አላምንም ነበር።”

ጓድ “ተጨባጭ ማስረጃ ነው” ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ደብዳቤ አድርገው ለቀበሌው እንደሚልኩት ነገሩኝ። እርሳሱን የቀረጽኩላቸው እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 24
ካፊያ።

“አንቺ ትቀሪያለሽ” አሉኝ ጓድ። “ጉዳዩ ራሱ ወሰነ።”

የጓሮው ክፍል ሙሉውን የእኔ ሆነ። የዳሲቱን አልጋ አጣጥፌ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት፣ ለጠረጴዛ እንዲሆነኝ ቦታውን ጠረግሁ። እየጻፍኩ ያለሁት እዚያ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ጉልበቴ ላይ ሳላስቀምጥ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል። አባት አላት፣ አገር አላት፤ ብትሄድም መሄጃ ያላት እሷ ነበረች። ይህን ጽፌዋለሁ መሰለኝ፣ ግን ልክ ስለሆነ ድጋሚ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 28
ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ። በር ላይ፦ አቶ ሰቦቃና እኔ።

የዳሲቱ አባት መጡ። ከቱሉ ዲምቱ በጭቃ በእግራቸው ነው የመጡት፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ግቡ ማለት አልቻልኩም፣ እትዬ ተኝተው ነበር። ከአጥሩ ጥግ ዝናብ ተጠልለን ቆምን።

“እታለም የምትላት አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ አባባ።”

“ታነባለች፣ ትጽፋለች ብላ ስላንቺ ታወራለች። እቤት ስትመጣ ያንቺን ሳታወራ አትውልም።” ከንፈራቸውን ጠረጉ። “ልጄ፣ ሊቀመንበሩን አይቼው ነበር። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወደ ላይ ያስተላልፏታል። ከዚያ በኋላ እኔ የምጠይቅበት በር የለም። ሊቀመንበሩ ምን አለኝ? ቃሉን የጻፈችው ሴት መጥታ፣ ልጅቷ ያለችው የይቅርታ ነው፣ የእምነት ቃል አይደለም ብትል እለቃታለሁ አለ። አንድ ቃል ነው። እኛ ዘንድ አጠፋሁ ያለ ይማራል። ይህን አንቺ ሰምተሻል። እጇ ላይ ሣር ነበር?”

“ነበር” አልኩ።

“እንግዲያው ይሄን ንገሪያቸው። ሌላ አልጠይቅሽም።”

እሺ አልኳቸው። እጄን ሳሙት። እኔ ልስማቸው ሲገባ እሳቸው ሳሙት። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ዳሲቱ ከተፈታች ጥፋቱ የሷ አይደለም ማለት ነው። የሷ ካልሆነ ጓድ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ማን አለ?

ነገ እናገራለሁ። እሺ ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 29
ጠዋት ጭጋግ፣ ኋላ ፀሐይ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን በትክክል እጽፋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ምድጃ አቀጣጠልኩ። የዓሣውን ውሃ ቀየርኩ፣ ሰባት ብርጭቆ፤ ሙቀቱን በእጄ አንጓ ለካሁት። አምፑሉን አበራሁ፣ ክዳኑን ከደንኩ፣ መከደኑን ሁለት ጊዜ አየሁ። ቁርስ አቀረብኩ። ለእትዬ ሳሙና አልቋል ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ሳሙና አልነበረንም፣ አልዋሸሁም።

አቶ ሰቦቃ ባቡር ሐዲዱ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ጭቃ እንዳይነካኝ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ ከፊቴ ሄዱ። አላወራንም። አንድ ጊዜ ብቻ “ጫማሽ ጭቃ ይገባበታል፣ በዚህ በኩል ነይ” አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ቀበሌ ደረስን። ሊቀመንበሩ አምባው የሚባል ቀጭን ሰው ነው፣ ሻይ እየጠጣ ነበር። ዳሲቱን አመጧት። ፀጉሯን ላጭተዋታል። ክንዷ ላይ የደረቀ ሊጥ አሁንም አለ፣ ወይም ሌላ ነገር ነው። ስታየኝ ሳቀች።

ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ገልብጦ አሳየኝ። “ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“እጅሽ ያምራል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብላለች?”

“ብላለች።”

አቶ ሰቦቃ “ልጄ፣ ሌላውንም” አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፣ ሊያስታውሱኝ ብለው።

ሊቀመንበሩ ጠበቀኝ። “ሌላ ያለችው አለ?”

“የጻፍኩት ይኸው ነው” አልኩ።

አቶ ሰቦቃ ቆባቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉት። ዳሲቱ የገባት አልመሰለኝም፤ ይቅርታው የተነገረላት መስሏት ነው። “እታለም፣ ሙሽራውስ እንዴት ሆነ?” አለችኝ።

“ዳነ” አልኳት።

“እሰይ” አለች።

ሊቀመንበሩ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ብዕሩን አነሳ። “ዓሣው ነው? መቼ ነው የዳነው?”

“እሷ ከሄደች በኋላ።”

ጻፈው። ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ከተናገርኩት ያጎደለው የለም። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጽፌ ፈረምኩ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር። ከዚያ ሳሙና ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ፤ የምሳው ሽንኩርት ገና አልተከተፈም ነበር።